የአልቅቱ ትልና የኔ ስም

ሰኞ 3

አዲሱ ዶክተር ዛሬ ሥራ ጀመረ። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው አሉ። ጫማው የተወለወለ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሰው ሲያናግር ጎንበስ የሚል። ለጽዳት ሠራተኛዋ ሳይቀር በሩን ይዞ አሳለፋት። ጨዋው ብዬዋለሁ፤ በዚህ ደብተር ከዛሬ ጀምሮ ስሙ ይኸው ነው።

አለቃችን የመስኮቱን ጠረጴዛ ሰጡት። የኔ ነው ብዬ በወረቀት አላስፈረምኩም፣ ግን ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ማይክሮስኮፔ የተቀመጠው እዚያ ነው። «አንተ ልጅ፣ ላንተ ገንዳው አጠገብ ይሻልሃል፣ ቀለም ስታጥብ አትመላለስም» አሉኝ። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ ዛሬም አንተ ልጅ ነኝ። ከጀርባቸው እማማ ፎርማሊን የምንላቸው በከንቱ አይደለም፤ ናሙና እንዳይበሰብስ እንደሚያቆየው ፈሳሽ የያዙትን ሁሉ ባለበት ያቆዩታል።

ዕቃዬን አንስቼ ወደ ገንዳው ሄድኩ። ጨዋው ማይክሮስኮፑን ተሸክሞ አገዘኝና እሱ እዚያ ቢሆንም ግድ እንደሌለው ነገረኝ። ታዲያ ለምን አልሆነም?

ረቡዕ 5

አለቃችን ሥራውን አሳየው ስላሉኝ አሳየሁት። ከኩሬው የመጡትን አልቅቶች በውሃ በቀጠነ አልኮል ማደንዘዝ፣ በጀርባ በኩል መሰንጠቅ፣ ከሥጋቸው መሃል እንደ ሰሊጥ ፍሬ የሚታዩትን ከረጢቶች በመርፌ መልቀም። በየከረጢቱ ውስጥ አንድ ጠፍጣፋ ትል ተጠቅልሎ ተኝቷል። አልቅቱን ዳክዬ እስኪበላው ይጠብቃል፣ ከዚያ በዳክዬው አንጀት ውስጥ አድጎ እንቁላል ይጥላል። ትሉን አውጥቶ በሁለት መስታወት መሃል ማስተኛት፣ መጫን፣ ቀለም ማጠጣት፣ መለካት። ጨዋው በትንሽ ደብተር ጻፈው። የሃያ ሦስት ዓመት ሥራዬን በሁለት ገጽ ጨረሰው።

ቀጥሎ ከመደርደሪያው ከቆዩ ስላይዶቼ አንዱን አንስቶ ወደ ብርሃን ያዘ። እንደ መስኮት ነው የሚያሳየው፣ አለ። አዎ። የኔ ስላይድ ላይ የትሉ አንጀት፣ እንቁላል ቤቱ፣ ሁለቱ መምጠጫዎቹ አንድ ሳይቀር ይቆጠራሉ። በዚህ የሚስተካከለኝ እዚህ ቤት የለም።

የታችኛውን መሳቢያ ግን አላሳየሁትም። እዚያ ውስጥ የአንዲት ትል አርባ ሦስት ስላይዶች አሉ፤ ከዚያው ኩሬ አልቅቶችና አንድ አዳኝ ካመጣልኝ የዱር ዳክዬ የወጡ ናቸው። ትሏን ካገኘኋት አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። በየትኛውም መጽሐፍ የለችም፣ ስምም የላትም። በኛ ሙያ ደንቡ አጭር ነው፤ አንድን ትል መጀመሪያ ገልጾ ያሳተመ ሰው፣ ስሙ ከትሉ ስም ኋላ ይጻፋል፣ ማንም አይፍቀውም። ማዕረጌ ቴክኒሻን ነው፣ ጡረታዬም እየቀረበ ነው። ከዚህ ቤት ይዤው የምወጣው ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ለምን አሥራ አንድ ዓመት ዘገየህ የሚለኝ ቢመጣ መልስ አለኝ። እርግጠኛ መሆን ነበረብኝ።

ሐሙስ 6

በጥድፊያ። የአለቃችን በር ገርበብ ብሎ ነበር። በስልክ፦ «አሁንማ ቤቱን የምተውለት ሰው አገኘሁ።» ጆሮዬን አላቆምኩም፣ ራሱ መጣ። ሰው አገኘሁ አሉ። እኔስ ምን ነበርኩ፣ መደርደሪያ?

ቅዳሜ 8

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። ጨርቅ ስትቀድ እንዳይንሸራተትባት የምትጭንባቸው ሁለት ድብልብል ብረቶች ነበሯት። ዛሬ ጠረጴዛውን አገላብጣ ሁለተኛዋ የት እንደገባች ለመቶኛ ጊዜ ጠየቀችኝ። አላየሁም አልኳት። ብረቷ ላብራቶሪ ነው ያለችው፤ ሽፋኑ መስታወት ላይ ተቀምጣ ትሎቼን ትጫናለች። አለቃችን ሲያስተምሩኝ የመስታወቱ ክብደት ብቻ ይበቃል፣ ሌላ አትጨምር ይሉ ነበር። ግን ስላይዶቼ እንደ መስኮት የሆኑት ብረቷን ካስቀመጥኩ ወዲህ ነው። አሁን ብነግራት ይህን ሁሉ ዓመት አፍህን ምን ዘጋው ትለኛለች። እንዲሁ ይለፍ።

ሰኞ 10

ጨዋው ከኩሬው ሲመለስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። በቁርጭምጭሚቱ ላይ አንድ አልቅት ተጣብቆበት «ይሄኛው ራሱ ፈቅዶ መጣ» ብሎ አለቃችንን አሳቃቸው። እኔ ሃያ ሦስት ዓመት አልቅት ሲጣበቅብኝ የሳቀ ሰው አላየሁም።

ከሰዓት በኋላ ጠራኝ። ከረጢት ከፍቶ ትሉን አውጥቷል፣ እንዳይለት ፈለገ። ማይክሮስኮፑ ላይ ዓይኔን ሳደርግ አመዴ ቡን አለ። መምጠጫዎቹ፣ የአንጀቱ አካሄድ፣ ከኋላ ያለችው ጉብታ፤ የኔዋ ናት ብዬ ሞቼ ነበር። ከዚያ ስለካው አይደለችም። የኔዋ ወርዷ ከርዝመቷ ግማሽ ይበልጣል፤ የሱ ሲሶም አይሞላም። የኔዋ መምጠጫ ሰፊ ነው፣ የሱ ጠባብ። ሁለት የተለያዩ ትሎች። ነፍሴ ተመለሰች።

ተራ ነው፣ የታወቀው ነው፣ አልኩት። ከዚያ ኩሬ የቆዩ ስላይዶች እንዳሉኝ ጠየቀኝ። ተበላሽተዋል አልኩት። አፌ ራሱ ነው ያለው።

ሐሙስ 13

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤት የረሳሁትን መነጽር አመጣችልኝ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ላብራቶሪ ከመጣች ስንት ጊዜዋ። ሽታው ያስመልሰኛል ትል ነበር። ዛሬ አላስመለሳትም። ከጨዋው ጠረጴዛ አጠገብ ሁለት ሰዓት ተቀመጠች። የትሉን ምስል በመስታወት እያንጸባረቀ ወረቀት ላይ ጥሎ የሚስልበትን መሣሪያ አሳያት፣ እርሳሱን ሰጣት። ሳቋ እስከ ገንዳው ይሰማኝ ነበር። ስላይዶችን ሳጥብ አንዱን ሰበርኩ።

መንገድ ላይ ስለሱ ብቻ አወራች። ትሎቹን የሚገድላቸው በሙቅ ውሃ መሆኑን፣ ሳይጨማደዱ፣ ማንም ሳይነካቸው ተዘርግተው እንደሚቀሩ ነገረችኝ። ያ ምግብ ማብሰል ነው እንጂ ሳይንስ አይደለም አልኳት።

እሑድ 16

ባለቤቴና ልጄ ዘመድ ጥየቃ ሄደዋል። ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ ስለዚህ የልቤን ልጻፍ።

ቅናት ነው እንዴ? ቀናተኛ ሰው የሌላውን የሚፈልግ ነው፤ እኔ የራሴን ነው የምጠብቀው። እንዲህ ብዬ ጀምሬ ነበር፣ ደግሜ ሳነበው አፈርኩ። እሺ፣ ቅናት ነው። እጅጌውን ሲያጥፍ እቀናለሁ፣ በሁለት እጥፋት ልክ ክርኑ ላይ ይደርስለታል። ሲስል እቀናለሁ። አለቃችን ቀልድ ሲነግራቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሲስቁ አንጀቴ ያራል። እኔ ደግ ሆኜ እንዲያዩኝ ስንት ዓመት ጎንበስ ቀና አልኩ፤ እሱ ዝም ብሎ ጎንበስ ይላል፣ ይሆንለታል።

በሱ ዕድሜ ሳለሁ ውጭ ሄዶ የመማር ዕድል መጥቶ ነበር። አለቃችን ዘንድሮ አንተን ብልክ ላብራቶሪውን ማን ይይዘዋል አሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው ተላከ። አልተቀየምኩም። አለመቀየሜን ለባለቤቴ ስንት ጊዜ እንደነገርኳት እሷ ታውቃለች።

ትሏን ያን ጊዜ ጽፌያት ቢሆን ኖሮ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተውኩት። አንድ ሰው አንብቦ ይህ ቴክኒሻን ምን ያውቃል ቢልስ፣ የሚል ነገር እጄን ይይዘኝ ነበር። ይኸው ጨዋው በመጣ በሁለት ሳምንቱ እጄ ተፈታ። ከጠዋት ጀምሮ አምስት ገጽ ጻፍኩ። ልኬቶቹ ሁሉ በጥንቃቄ የተያዙ ናቸው፤ አርባ ሦስቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ ለክቻለሁ። የሱን ተራ ትልም በንጽጽር አስገባሁት፤ የኔዋ በስፋቷ ትለያለች ብዬ። የሱ መሆኑን አልጻፍኩም።

ሲመለሱ ደብተሩን ዘጋሁ። ባለቤቴ ፊቴን አየችና «አንተ ሰውዬ፣ ምን አግኝተህ ነው እንዲህ የበራህ?» አለች። ሥራ ነው አልኳት።

ማክሰኞ 18

ጨዋው በግቢው ጥግ ስድስት የዳክዬ ጫጩቶች በሽቦ ቤት አስገብቷል። ከረጢት ያለባቸውን አልቅቶች ይመግባቸዋል፤ ትሉ ሲያድግ ለማየት ነው። ልጄ በየቀኑ መምጣት ጀምራለች፣ ጫጩቶቹን ልታይ ነው ትላለች።

በመስኮቱ በኩል ሳልፍ ለአለቃችን ሲነግራቸው ሰማሁ። ተማሪ ሳለ ለጉብኝት እዚህ መጥቶ የኔን አንድ ስላይድ አይቶ ነበር፤ ወደዚህ ሙያ የገባው ያን ቀን ነው። ደጁ ላይ መሆኔን አውቆ ይሆናል ያለው። ሽንገላ ሲበዛ ይሰለቻል።

ዓርብ 21

ላክሁት። በዓመት አራት ጊዜ የምትወጣ ትንሽ ጆርናል ናት፣ ቶሎ ትመልሳለች። ለብቻዬ ፈረምኩ። ለአለቃችን አልነገርኩም፤ ሥራ በዝቶባቸዋል።

ማክሰኞ 2፣ አዲስ ወር

ጨዋው ትሉን ለምርመራ ልኮት ኖሮ የዲኤንኤው ውጤት መጣለት። ትሉ እስከ ዛሬ ከተመዘገበው ከየትኛውም ጋር አይገጥምም። አለቃችን አቀፉት። የጽዳት ሠራተኛዋ ምን እንደሆነ ሳታውቅ አጨበጨበች። ተራ ነው ያልኩት ትል አዲስ ሆኖ ቁጭ አለ።

ታዲያ ምን ይሆናል፣ ከአንድ ኩሬ ሁለት አዲስ ዝርያ ሊወጣ ይችላል። የኔዋ ግን ትቀድማለች።

ገንዳው ጋ መጣ። አብረን እንድንጽፈው ፈለገ፣ የኔም ስም እንዲገባ። ኩሬውን ከሱ በፊት የማውቀው እኔ ነኝ አለ። ላስብበት አልኩት። እጁን ዘርግቶ ሲሰጠኝ እኔ ተቀባይ ልሆን ነው። የሰጪ ፊት ምን እንደሚመስል ዛሬ ቀርቤ አየሁት፤ ደስ የሚል ፊት ነው፣ እሱ ነው የሚያናድደው።

ሰኞ 8

አሁንም አልመለስኩለትም። አይጠይቅም። ቢጠይቅ ቆጣ እለው ነበር።

ሰኞ 15

ተቀበሉት። ገምጋሚው ሥዕሎቹ ግሩም ናቸው፣ እንዲህ የጠራ ስላይድ ብዙ አላየሁም ብሏል። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ደብዳቤውን አራት ጊዜ አነበብኩት። የመጨረሻው ማረሚያ መጥቷል፤ እስከ ዓርብ አይቼ መመለስ አለብኝ። የፊደል ስህተት ካለ ብቻ ነው የሚነካው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ወይ ጽሑፉን ማንሳት ነው፣ ወይ እንዳለ ማሳተም።

ስሜ ከትሏ ስም ኋላ ተጽፏል። በጣቴ ነካሁት።

ረቡዕ 17

ጨዋው ለሦስት ቀን ኩሬው ጋ ሰፍሯል። ሲሄድ ከጫጩቶቹ አንዷን አርዶ ያወጣቸውን ስድስት ያደጉ ትሎች ቀለም እንዳጠጣለት ትቶልኛል። ትሎቹ በሕይወት ነበሩ። ሙቅ ውሃውን አልወደድኩትም፣ በራሴ መንገድ ሠራኋቸው። መስታወት፣ ብረት፣ ማድረቂያ፣ ቀለም። እጄ የለመደውን።

ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ ሳደርግ የኔዋን አየሁ። ስድስቱም የኔዋ ናቸው። ሰፊ፣ መምጠጫዋ እንደ ሳህን የተዘረጋ።

ናሙናዎቹ ተቀላቅለው ይሆናል። ወይም ጫጩቷ ሁለቱንም ዝርያ በልታ ይሆናል። ደክሞኛል፣ ነገ እንደገና።

ሐሙስ 18

ሁለተኛዋን ጫጩት አርጄ ሁለት ትሎች አወጣሁ። አንዷን በሱ መንገድ በሙቅ ውሃ፣ አንዷን በብረቷ። ማለዳ ነው፣ ማንም አልነበረም።

በሙቅ ውሃ የሞተችው የሱ ሆነች። የተጫነችው የኔዋ ሆነች።

ከዚያ አልቅት ሰንጥቄ ከረጢቶች ለቀምኩ፤ አሥር ትል፣ አምስት አምስት። ያው። ከዚያ ብረቷን አንስቼ በመስታወቱ ክብደት ብቻ ሞከርኩ። የሱ ሆነች። ልኮቹን ጎን ለጎን ጻፍኳቸው።

አንድ ናት። አሥራ አንድ ዓመት የለካሁት ስፋት የብረቷ ስፋት ነው። ትሏ አዲስ ናት፣ እሱ እውነት ነው፤ በመጀመሪያ ያገኘኋትም እኔ ነኝ፣ እሱም እውነት ነው። የጻፍኳት ትል ግን በኩሬው ውስጥ የለችም። ቀጥቅጬ የሠራኋት ናት።

ዓርብ 19

ጽሑፉን ባነሳ ጨዋው በሁለት ወር ውስጥ ያሳትማል፤ በሱ ስም ትጠራለች። በትክክለኛ ልክ፣ በቆንጆ ሥዕል። ባላነሳ በኔ ስም ትጠራለች፤ በተሳሳተ ልክም ቢሆን ደንቡ የቀደመውን ነው የሚያውቀው።

ልኬት የሁሉም ሰው ይሳሳታል። በኋላ ይስተካከላል። መጽሐፍ ሁሉ በስህተት የተሞላ ነው።

በማረሚያው ላይ «እርማት የለም» ብዬ ጻፍኩና ላክሁት። ከዚያ ገንዳውን አጠብኩ፣ ሁለት ጊዜ።

ሐሙስ 9፣ ሌላ ወር

ታተመ። ከላክሁት ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ። የጽዳት ሠራተኛዋ እንኳን ደስ ያለህ ብላ እጄን ያዘች። ባለቤቴ የታተመውን ገጽ በእጇ ላይ ዘርግታ አየችው፤ ከጽሑፉ የገባት ስሜ ብቻ ነበር፣ እሱን ግን ደጋግማ አነበበችው። ለእህቷ ደወለችላት። ልጄ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አየች።

ደስታው አብሮኝ እስከ ምሳ ቆየ።

ዓርብ 10

አለቃችን አስጠሩኝ። ወረቀቱ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። «ከኔ ደበቅህ» አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ሲያሹ አርጅተው ታዩኝ። አንተ ልጅ አለማለታቸውን ያስተዋልኩት ከወጣሁ በኋላ ነው።

ማክሰኞ 14

ጨዋው ወረቀቴን አንብቧል። እንኳን ደስ ያለዎት አለኝ፣ ከልቡ ነው፣ ከልቡ ያልሆነ ነገር ቢገኝበት እፈልግ ነበር። ካመመው አላሳየም። የኩሬውን የቆዩ ስላይዶች እንደጠየቀኝና ተበላሽተዋል እንዳልኩት ያስታውሳል መቼም። አላነሳውም።

ከዚያ የኔን ልክና የሱን ልክ ጎን ለጎን ዘረጋ። ሁለት ዝርያ ከሆኑ የሱን ለብቻው ሊገልጸው አስቧል፤ አለቃችንም ተስማምተዋል። ግን አንድ ነገር አልገባውም፤ አንድ ኩሬ፣ አንድ አልቅት፣ አንድ ዳክዬ፣ እሱ ደግሞ ከመቶ በላይ ትል ለክቶ አንድም ሰፊ አላገኘም።

«ጋሼ፣ በዚህ ቤት የእርስዎን ዓይን የሚያህል የለም» አለኝ። «ሁለት ናቸው?»

ሁለት ብሎ ከጻፈ ስህተቱ የሱ ይሆናል። ከዓመት በኋላ አንድ ሰው ዲኤንኤውን አይቶ፣ የኔን ስላይድ ልኬት አጣርቶ፣ ይህ ልጅ አንድን ትል ሁለት ጊዜ ሰየመ ይላል። ስሙ ከኔ ስም ሥር ተሰርዞ ይቀራል። ይህን ሁሉ ያሰብኩት አንድ ብርጭቆ ውሃ በሚቀዳበት ጊዜ ውስጥ ነው።

«ሁለት ናቸው» አልኩት።

አመሰገነኝ።

ረቡዕ 15

እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጨዋው ዛሬ ቀኑን ሙሉ ይጽፋል። የጣቱ ድምፅ ገንዳው ድረስ ይመጣል።

እሑድ 19

ልጄ ዓርብ ዕለት ከላብራቶሪ ይዛው የመጣችውን ዛሬ ምሳ ላይ ከቦርሳዋ አወጣችው። የእናቷን ብረት። «እማ፣ ይኸውልሽ፣ አባ ጋ ነበር» ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ባለቤቴ እኔን አየች፣ ብረቱን አየች፣ ሳቀች። አሥራ ሁለት ዓመት ስፈልገው አለች፤ ሌባው እቤቴ ተኝቶ፣ አለች። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ።

ልጄ አልሳቀችም። ከሥሩ ተረስታ የቀረች ትል ስታነሳ እንዳገኘችው ተናገረች፤ ትሏ ከጨዋው ትሎች ሁሉ ትሰፋ ነበር። ከዚያ እህሏን ወደ ጎን አድርጋ ጠየቀችኝ።

«አባ፣ ይሄ ሲጫንባት አይደለም የሰፋችው?»

ባለቤቴ ሳቋን አቆመች። አዎ አልኩ።

«አታውቅም ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

«መቼ አወቅህ?»

ከታተመ በኋላ ብላት ታምነኝ ነበር፣ አባቷ ነኝ። ዓይኗን አየሁ፣ ልክ ጫጩቷን ሳርድ ያየሁባት ዓይን ነው፤ የሚሆነውን ያውቃል፣ ቢሆንም አይዞርም።

«ማረሚያውን ከመላኬ አንድ ቀን በፊት» አልኳት።

ከጠረጴዛው አልተነሳችም። ብትነሳ ይቀለኝ ነበር። ምግቧን እስከ መጨረሻ በላች፣ ሳህኗን አጠበች፣ ከዚያ ጨዋው ሁለት ናቸው የሚለውን ጽሑፉን ሐሙስ እንደሚልክ ነገረችኝ። ምን ማለት እንደሆነ እንደማታውቅ አድርጋ ነው የነገረችኝ።

ሐሙስ 23

ጠዋት ገንዳው ጋ ሳልሄድ ቀጥታ ወደ መስኮቱ ጠረጴዛ ሄድኩ። ሊልክ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት፤ መሳቢያውን፣ ብረቷን፣ ያን ሐሙስ ማለዳ የሠራሁትን ሙከራ፣ «እርማት የለም» ያልኩበትን። ቁጭ ይበሉ ሳይለኝ ቆሜ ጨረስኩ። እሱም ቆመ፣ እኔ ቆሜ እሱ መቀመጥ አልሆነለትም።

ከዚያ እንዲህ ብቻ አለኝ፦

«ሁለት ናቸው ያሉኝ ካወቁ በኋላ ነው።»

አዎ አልኩ።

ግቢ ወጣ። በመስኮቱ አየሁት፤ ጫጩቶቹ ሁሉ ታርደው ባዶ የቀረውን የሽቦ ቤት ይዞ ቆሟል፣ ሁለት እጁ ሽቦው ላይ። የሆነ ነገር ቢወረውር፣ ቢረግጥ፣ ለአለቃችን ሄዶ ቢከሰኝ፣ አንድ ጊዜ ከሱ ልበልጥ የምችልበት ቀዳዳ ይገኝ ነበር። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰ። ዓይኑ ቀልቷል። ጽሑፉን ሰርዞ አዲስ ገጽ ከፈተ። ትሏ የተሰየመችው በኔ ስለሆነ ሌላ ሰው ከሚያርማት እኔ ብጀምረው ይሻላል አለ፤ አብረን እንጽፈዋለን፤ አዲስ ስላይዶች በትክክል እንሠራለን፤ የኔ ስም ይቀድማል።

ተስማማሁ። ላመሰግነው ይገባኝ ነበር። የተሰማኝ ግን ሌላ ነው፤ እንዲህ መሆኑንም ቀናሁበት። ሌላ የሚቀናበት ነገር ቀርቶኝ ነበር ለካ።

አለቃችንን ከሰዓት በኋላ ለብቻቸው ነገርኳቸው። «አንተ ልጅ» አሉኝ፣ ድምፃቸው ተሰበረ፣ «የመስታወቱ ክብደት ይበቃል ብዬህ ነበር።» እንባ መጣብኝ፣ አልደበቅሁም።

ሰኞ 27

አራት ቀን ሠራን። ትሎች በሙቅ ውሃ መግደል አስተማረኝ። ውሃው የሚፈለገው ሙቀት ላይ ሲደርስ በቴርሞሜትር ነው የሚታወቀው ይላል፣ እጄ ግን ቀድሞ አወቀ። በዚህ ትንሽ ደስ አለኝ።

ከሁሉ ያስቸገረኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። በኛ ሙያ ሰው ስለ ራሱ ስህተት ሲጽፍም እንደ ሌላ ሰው ነው የሚጽፈው። «የመጀመሪያው ገላጭ ናሙናዎቹን ከመጠን በላይ ተጭኗቸዋል፤ የተሰጡት ልኮች የእንስሳው አይደሉም።» ጨዋው ለስለስ ያለ ቃል ሊያስገባ ሞከረ፣ «በሁኔታዎች ምክንያት» ምናምን። አወጣሁት። ልጄ መጥታ ነበር፣ ሥዕሎቹን የሳለችው እሷ ናት፣ ለምስጋናው ክፍል ስሟን ጻፍን። ዓረፍተ ነገሩን አነበበች፣ ከዚያ ወንበሯን ወደ ገንዳው ሳብ አድርጋ ከኔ አጠገብ ተቀምጣ ሣለች።

የስሞቹ ቅደም ተከተል ቀረ። ቅዳሜ ረቂቁ ላይ የሱን ስም አስቀደምኩ። እሑድ ስከፍተው የኔ ቀድሟል። ዛሬ ጠዋት ቀየርኩት፤ ለምሳ ስወጣ መልሶታል። ምንም አልተባባልንም፤ ጥዋት ማታ ስለ ትል ብቻ ነው የምናወራው። ያ ስም ከትሏ ስም ኋላ እስከ ዘላለም ከኔ ጋር ይሄዳል፣ ስህተቱም አብሮት ይሄዳል፣ የጠየቅሁት ነውና አገኘሁት። ይሄኛው ጽሑፍ ግን የሱ ሥራ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ አልቅት ሊያመጣ ወጣ። የሱን ስም አስቀድሜ፣ ሳላማክረው፣ ላክሁት። ሲያውቅ ይናደድብኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ሲናደድ አይቼው አላውቅም።